መጀመሪያ ብሎኑ፣ ከዚያ ንድፉ

የፕሮጀክት ማቅረቢያ ቀን ሲደርስ በዲፓርትመንታችን የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ንድፉን ከየት አመጣችሁት?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከኢንተርኔት የተገለበጠውና በራስ የተሠራው መለየት አለበት። «ብሎኑንስ ከየት አመጣችሁት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት አንድ ማሽን ሠርቼ፣ አፍርሼ፣ እንደገና ሠርቼ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው መቅደም እንዳለበት ነው። ሰቆጣ ላይ ሆኖ በስሪዲ ፕሪንተር የታተሙ ክፍሎች ያሉት ማሽን ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት የዕቃ መሸጫ ሱቆችን መደርደሪያ ማየት አለበት እላለሁ።

ይህን ስል የሚስቁ ጓደኞች አሉኝ። «ብሎን ደግሞ ምን ርዕስ ይወጣዋል?» ይሉኛል። እሺ፣ እስቲ የሆነውን ልናገርና ፍርዱን ለአንባቢ ልተው።

ማሽኑ በእጅ የሚዞር የማር ማውጫ ነው። የዋግን ነጭ ማር የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ አለ ብዬ አላስብም። ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ያለው ገበሬ ፍሬሞቹን በርሜል ውስጥ ባለ ቅርጫት ላይ ይሰካል፤ ቅርጫቱ በፍጥነት ሲዞር ማሩ ወደ በርሜሉ ግድግዳ ይረጫል፤ እንጀራው ግን ሳይፈርስ ወደ ቀፎው ይመለሳል። ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። በንብ እርባታ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እንደሚጠቀሰው ንቦች አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር ይፈጃሉ። እንጀራውን በቢላ መቁረጥ ማለት እንግዲህ የሚቀጥለውን ምርት አብሮ መቁረጥ ነው።

በርሜሉን፣ ቅርጫቱንና እግሮቹን እዚሁ በላሜራና በብየዳ ሠራን። ያስቸገረን ጥርሶቹ ነበሩ፤ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ቅርጫቱን ሦስት ጊዜ የሚያዞሩት ሁለቱ የማርሽ ጎማዎች ማለቴ ነው። በቶርኖ ቤት ማስወጣት ከአቅማችን በላይ ሆነ። ባሕር ዳር የሚማር አንድ ጓደኛችን ግን በፕሪንተር አሳትሞ በአውቶቡስ ላከልን። ንድፉ ከውጭ አገር የተገኘ ነበር፤ ሥርዓት ያለው፣ የሚያምር ንድፍ። 14 የኤም 3 ብሎን እና 6 የኤም 5 ብሎን ይጠይቃል። ኤም 3 ማለት የብሎኑ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። ሰቆጣ ውስጥ አጣናቸውና ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ አስመጣን። ብሎኖቹ ከማሽኑ ቀድመው ተጓዥ ሆኑ ብለን ቀልደንም ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ በኅዳር ወር ጋዝጊብላ ውስጥ አጎቴ ዘንድ ነበር። አሥር ፍሬም በሰላም ወጣ። በአሥራ አንደኛው ላይ ትልቁ ጎማ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቆም አድርገን ስናየው ከማዕከሉ ብሎኖች ሁለቱ የሉም። ሳር ውስጥ ወድቀዋል። ፀሐይ ጠልቃ ነበርና በባትሪ ፈለግን፣ በእጃችን ዳሰስን፣ አላገኘናቸውም። ሦስተኛውን ለማጥበቅ የሚያገለግለው ቁልፍ 2.5 ሚሊ የሆነ የአለን ቁልፍ ነው፤ እሱም አንድ ብቻ ስለነበረን ከጭቃው ጋር ሄደ። አጎቴ ትንሽ ጠበቁንና «በሉ ልጆቼ፣ ንቡም ተቆጥቷል» ብለው የቀሩትን ፍሬሞች በቢላ ቆረጡ። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እኔ ግን በማግሥቱ በእግሬ ወደ መኪና መንገድ ስወጣ ስለዚያ 3 ሚሊ ብረት ብቻ አስብ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነበር? መጀመሪያ «ብሎኑ ደካማ ነው» አልን። ስሕተት ነው። ብሎኑ አልተሰበረም፣ ተፈታ እንጂ። የተፈታው ደግሞ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ስለሸሸው ነው። ፒኤልኤ የሚባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ ጫና ሲቆይበት ቀስ እያለ ይተኛል፤ ብረት በዚህ ልክ አያደርገውም። ቁጥሩን ሠርቼ ስመለከት ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የኤም 3 ብሎን ክብ ራስ 5.5 ሚሊ ነው፤ የቀዳዳውን ስፋት ስንቀንስ ፕላስቲኩን የሚጫነው ስፋት ወደ 15 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በግማሽ ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ብሎኑ ወደ 830 ኒውተን በሚሆን ኃይል ይስባል። ሲካፈል በካሬ ሚሊ ሜትር 57 ኒውተን ገደማ ነው። የፒኤልኤ ጥንካሬ ራሱ ከ50 እስከ 60 ባለው ውስጥ ነው። እንግዲህ ያጠበቅን ሲመስለን ፕላስቲኩን ከገደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጠን፣ በላዩ ላይ መንቀጥቀጥ ጨመርንበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሙቀቱንም አልርሳ። ፒኤልኤ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል። የሰቆጣ አየር ለዚህ አያሰጋም፤ በቀትር ተዘግታ የቆመች ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ግን ሌላ ነው፤ ወደ ተከዜ ወደ አበርገሌና ዝቋላ ቆላ ለሚወርድ ማሽንም እንዲሁ። ፒኢቲጂ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል፤ ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ከጋዝጊብላ ከተመለስን በኋላ አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዘን ወጣን። ሦስት የዕቃ መሸጫ፣ ሁለት ጋራዥና አንድ ወፍጮ ቤት ዞርን። ይህን ሥራ መጀመሪያ ብንሠራው ኖሮ አንድ ዓመት እናተርፍ ነበር። ኤም 6፣ ኤም 8፣ ኤም 10 እና ኤም 12 በየሱቁ በኪሎ ሊሸጥልህ ይችላል፤ ለበርና መስኮት፣ ለቆርቆሮ፣ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ስለሚፈለግ አያልቅም። ኤም 5 ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ጥቂት አለ። ኤም 4 አንድ ሱቅ ውስጥ በካቻቢቴ የሚፈታ ዓይነት አገኘን፤ ርዝመቱ አንድ ዓይነት ብቻ። ኤም 3 የለም። ባለ ሱቁ «ይቺ ለሰዓት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። ቁልፍም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ኤም 6ን የሚፈታ አሥር ቁጥር ቁልፍና ኤም 8ን የሚፈታ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ የሌለው የባጃጅ ሹፌር አላየሁም።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። እዚያ ያለው የድሮ ሞተር ብሎኖቹ የኢንች ናቸው። አምስት ስምንተኛ፣ ግማሽ፣ ሦስት ስምንተኛ እያሉ የሚጠሯቸው ማለት ነው። ሦስት ስምንተኛ ኢንች 9.5 ሚሊ ስለሆነ ለዓይን ኤም 10ን ይመስላል። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ደግሞ 7.94 ሚሊ ነው፤ ከኤም 8 የሚለየው በፀጉር ነው ማለት ይቻላል። የጥርሳቸው ርቀት ግን አይገናኝም። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ይህን በቀላል አማርኛ አስረዱን፦ «ዳዶው ሁለት ዙር ገብቶ ከቆመ አታስገድደው፤ ዘመዱ አይደለም።» የማሽን ክፍሎች ትምህርት ሙሉ ምዕራፍ የሚወስድበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

የጥርስ መዛመድ ራሱ ብዙ የተደከመበት ነገር ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ የጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ እንዲሆን አንድ ወጥ ደረጃ ከማቅረባቸው በፊት ሁሉም ፋብሪካ የየራሱን ጥርስ ያወጣ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት የሜትሪክ ጥርስ 60 ዲግሪ ነው። እኛ ዘንድ ስሙም ተሰደደና መጣ፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳ ሁሉም ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ስሙ ጣልያን፣ ወፍጮ ቤት ያለው ጥርስ እንግሊዝ፣ ሱቅ ያለው ዕቃ ቻይና። በንድፉ ላይ ያለው ደግሞ ሰቆጣን አይቶ የማያውቅ ሰው ምርጫ።

ንድፍ አውጪውን ግን አልወቅስም። እሱ የሠራው በሠፈሩ ሱቅ ባለው ዕቃ ነው፤ የእኔ ክርክር እኛም እንደሱ እናድርግ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በፕሪንተር የታተሙ ክፍሎች ያሏቸው የቤት ውስጥ ማሽኖች ሁሉ አባት የሆነው ሬፕራፕ ነው። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አድሪያን ቦየር በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ፕሮጀክት ሲሆን ሐሳቡ የራሱን ክፍሎች የሚያትም ፕሪንተር መሥራት ነበር። ዳርዊን የተባለው የመጀመሪያው ማሽን በ2008 እ.ኤ.አ. የራሱን ልጅ ወለደ፤ ክፍሎቹ በእሱ የታተሙ ሁለተኛ ማሽን ተገጣጠመ ማለት ነው። ማሽኑ ሊያትማቸው የማይችላቸውን፣ ከሱቅ የሚገዙትን ብሎን፣ ዘንግና ሞተር «ቫይታሚን» ብለው ሰየሟቸው። ሰውነት ራሱ የማይሠራውና ከውጭ የሚያገኘው ለማለት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. በከተማችን ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባው ለሕፃናት መቀንጨር አይደል? ማሽኖቻችንም በቫይታሚን እጥረት ይቀነጭራሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሬፕራፕ ላይ ብሎኑ ንድፉን እንዴት እንደሚመራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ2010 እ.ኤ.አ. የቼኩ ጆሴፍ ፕሩሻ ያቀለለው ሞዴል አጽሙ የኤም 8 ባለ ጥርስ ዘንግ ነው። ኤም 8 ስለሆነ 608 የሚባለው ባለ 8 ሚሊ ቀዳዳ ኩሽኔታ ልክ ይገባበታል። ፕላስቲኩን ክር የሚገፋውም ጥርስ የተቀረጸበት የኤም 8 ብሎን ነው። ማተሚያውን ራስ ወደ ላይ የሚያነሣውም ያው የኤም 8 ዘንግ ነው፤ አንድ ዙር ሲዞር 1.25 ሚሊ ያነሣል። ከኤም 8 ጋር የማይዛመድ ነገር ጥቂት ነው። አሜሪካ ያሉ ሠሪዎች ግን በየሱቃቸው ያለው የኢንች ዕቃ ስለሆነ ምን አደረጉ? ኤም 8 ከአውሮፓ እናስመጣ አላሉም። በአምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ዘንግ ተክተው የታተሙትን ክፍሎች በእሱ ልክ እንደገና አወጡ። ጥርሱ በኢንች 18 ስለሆነ አንድ ዙር 1.41 ሚሊ ገደማ ያነሣል፤ በሶፍትዌሩ ውስጥም አንዲት ቁጥር ቀየሩ፣ አለቀ። እነሱ ይህን ሲያደርጉ ብልሃት ይባላል። እኛ ንድፉን በኤም 6 ብናወጣው ለምን «ንድፉን አበላሻችሁ» እንደሚባል አይገባኝም። ተብለናል።

የቶጎዎቹም አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሎሜ ከተማ ዎኤላብ በተባለ የፈጠራ ማዕከል ኮጆ አፋቴ ኚኩ የተባሉ ፈጣሪ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች፣ ስካነሮችና ማተሚያዎች ፕሪንተር ሠሩ። ሎሜ ውስጥ የሚገኘው ነገር ምንድን ነው ብለው ተነሡ፣ ንድፉ ከዚያ ተከተለ።

ወደ ጋዝጊብላው ማሽን ልመለስ። ትልቁን ጎማና ማዕከሉን በኤም 6 ልክ እንደገና ነደፍን። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋት ሠራን፤ ይህ ደግሞ የንድፍ አውጪው ሳይሆን የራሳችን ነው። «ጠንካራ ብሎን ይሻላል» በሚል ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበትን መረጥን። ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ የመጀመሪያው 8 የመበጠስ ጥንካሬው በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ 80 በመቶው ላይ፣ ማለትም 640 ላይ መሳሳብ እንደሚጀምር ይነግራል። 4.8 የሚለው ርካሹ 400 እና 320 ነው። ከቡድናችን ጉልበተኛው አሥር ቁጥር ቁልፉን ይዞ እንደ ባጃጅ ጎማ አጠበቀው። ቀጭ! ማዕከሉ ተሰነጠቀ። የ8.8 ኤም 6 ለብረት ሲሆን እስከ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ ያ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ስፋት ላይ ሲያርፍ በካሬ ሚሊ ሜትር ከ170 ኒውተን በላይ ነው። የፕላስቲኩ ዐቅም ደግሞ ከ60 አያልፍም ብለናል።

ከዚህ የወጣው ፍርዴ ይህ ነው፦ በታተመ ክፍል ላይ የብሎኑ የጥንካሬ ቁጥር ምንም አይጠቅምም። ርካሹ 4.8 ከበቂ በላይ ነው፤ ቀድሞ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ፕላስቲኩ ነው። ለ8.8 የሚከፈለውን ጭማሪ ገንዘብ ሮንዴላ ግዙበት። ሰፊውን ሮንዴላ፣ 18 ሚሊ የሆነውን። ባዶ የኤም 6 ራስ የሚያርፍበት ስፋት ወደ 46 ካሬ ሚሊ ነው፤ በተራው 12 ሚሊ ሮንዴላ ወደ 81 ያድጋል፤ በሰፊው ግን ወደ 222። ያንኑ 830 ኒውተን በዚህ ስናካፍለው በካሬ ሚሊ ሜትር ከ4 ኒውተን በታች ይሆናል። 57 የነበረው ነው እንግዲህ 4 የሆነው። በሳንቲም የሚገዛ ቆርቆሮ ይህን ያህል ሥራ ሲሠራ ሌላ የት ታይቷል?

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። የታተመ ክፍል እንደ ሞሰብ ስፌት ነው፤ የቀለጠው ክር ዙር በዙር እየተደረበ ይሠራል። ሞሰብ ሲያረጅ የሚለያየው በዙሮቹ መካከል እንደሆነ ሁሉ ይህም የሚሰነጠቀው በድርብርቦቹ መካከል ነው። ስለዚህ ብሎኑ ድርቦቹን ከላይ እስከ ታች ወግቶ፣ በዳዶ ከወዲያኛው ወገን ተይዞ፣ አንድ ላይ ሲጨምቃቸው ክፍሉ ይጠነክራል። በጎን ገብቶ ሲገፋቸው ግን እንደ ሽብልቅ ይለያያቸዋል። የኛ ማዕከል የተሰነጠቀው በጎን የገባ ብሎን ስለነበረውም ጭምር ነው። አንዳንድ ጓደኞች ፕላስቲኩ ላይ ራሱ ጥርስ አውጥተው ብሎን ያስገባሉ፤ ሦስት አራት ጊዜ ከተፈታና ከታሰረ በኋላ ጥርሱ ይበላል። ለዳዶው ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ አብሮ ማሳተም ይሻላል። የኤም 6 ዳዶ ከጎን እስከ ጎን 10 ሚሊ ነው፤ ጉድጓዱን 0.2 ወይም 0.3 አስፍቶ መንደፍ ይበቃል። ዳዶው ሲያልቅበት ይለወጣል፣ ፕላስቲኩ ይቀራል።

እንዳይፈታ የሚደረገው ነገር ላይ ከመምህራችን ጋር አልተስማማንም ነበር። እሳቸው የስፕሪንግ ሮንዴላ አሉ። የስፕሪንግ ሮንዴላ የሚሠራው ጠርዙ ብረት ሲነክስ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ይቦረቡራል እንጂ አይዝም። እኛ ሁለት ዳዶ አንዱን ባንዱ ላይ አጥብቀን ተጠቀምን፤ ሰቆጣ ላይ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ በኤም 6 አንድ ሱቅ ብቻ ስላለ። መምህር አይተው «ይሁን» አሉ። ክብር ይስጣቸውና ማርክ አልቀነሱብንም።

ከሠፈር ሱቅ ይገዛ የሚለው አቋሜ የማይሠራበትም ቦታ አለ፤ መሸሸግ አልፈልግም። ከማር ጋር የሚነካካው የቅርጫቱ ብሎን ስቴንለስ መሆን አለበት። ማር አሲድነት አለው፤ ፒኤች መጠኑ 4 ገደማ ነው። በየሱቃችን ያለው ነጭ ብሎን ዚንክ የተቀባ ሲሆን አሲዱ ዚንኩን እየበላ ማሩ ውስጥ ይከተዋል። ይህን ለአጎቴም ለማንም አልሰጥም። ስምንቱን የስቴንለስ ኤም 6 ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ መጠኑ ያው ኤም 6 ስለሆነ ቁልፉ አልተለወጠም። ስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ በደረቁ ሲጠብቅ ተያይዞ ሊቀር እንደሚችል ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ለምግብ የሚሆን ቅባት፣ ቀስ ያለ ማጥበቅ።

ሁለተኛው ቦታ ሞተር ነው። በእኛ ዲፓርትመንት ፕሪንተር ለመሥራት የጀመረ ሌላ ቡድን አለ። የሚጠቀሙበት ኔማ 17 ሞተር በ31 ሚሊ ርቀት አራት የኤም 3 ቀዳዳ ይዞ ከፋብሪካ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ምርጫ የለም። አምስት ሞተር ሃያ ብሎን ነው። ለእነሱ የምመክረው የሞተ ኮምፒውተር መፍታት ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። የሲዲ ማጫወቻውን የያዙት ብሎኖች ኤም 3 ናቸው፤ ሃርድ ዲስኩን የያዙት ግን ብዙውን ጊዜ የኢንች ናቸው፤ 3.5 ሚሊ ውፍረት፣ ጥርሳቸው ሰፋ ያለ። ሁለቱን ደባልቆ ሞተሩ ላይ ያስገደደ የሞተሩን ጥርስ ይበላል። ሁለት ኩባያ አዘጋጅታችሁ ሳትፈቱ በፊት ለዩ። ከሞተሩ ውጪ ያለውን አካል ግን በኤም 6 እና በኤም 8 ቢያደርጉት ምን ይጎድልባቸዋል?

«ይከብዳል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ በሚመላለሰው የማተሚያ ራስ ላይ ክብደት ጉዳት አለው፤ እዚያ ትንሹ ብሎን ይሁን። «ትልቅ ብሎን ትልቅ ክፍል ይፈልጋል፣ ፕላስቲክ ይፈጃል» ይሉኛል። ይህም እውነት ነው፤ የእኛ አዲሱ ማዕከል ከድሮው አንድ እጅ ተኩል ይሆናል፤ ለማሳተምም ተጨማሪ ከፍለናል። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ማሩ በሚቆረጥበት ሳምንት ጋዝጊብላ ወይም ደሃና ውስጥ አንድ ብሎን ቢጠፋ ማሽኑ የሚቆመው ለስንት ቀን ነው? በኤም 3 ከሆነ መኪና አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ። በኤም 6 ከሆነ ከባጃጅ ላይ ተፈትቶ እስኪመጣ። የፕላስቲኩ ጭማሪ ዋጋ ከዚህ አንጻር ይታይልኝ።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ወርክ ሾፑ በር አጠገብ ካለው ባዶ ግድግዳ ላይ አንድ ጣውላ ይሰቀል፤ በከተማው ሱቆች የሚገኘው እያንዳንዱ ብሎን አንድ አንድ ናሙና፣ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ መጠኑ ተጽፎበት ይንጠልጠል። በየመንፈቁ አንድ የሁለተኛ ዓመት ቡድን ከተማውን ዞሮ ያድሰው። የኢንቹ ለብቻው ይሁን፣ ቀይ ቀለም ይቀባ። የፕሮጀክት ንድፍ የሚያስገባ ተማሪም ከጣውላው ላይ የሌለ ብሎን ሲጠቀም ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ። እኛ ለስቴንለሱ እንጽፋለን፣ የፕሪንተሩ ቡድን ለሞተሩ ይጽፋል። ጣውላውን ለመሥራት ቡድናችን ፈቃደኛ ነው፤ ናሙናዎቹንም ቅዳሜ ዕለት ገዝተን ጨርሰናል ማለት ይቻላል፣ ከኤም 12 በቀር።

ማሽኑ ባለፈው ኅዳር ተመልሶ ጋዝጊብላ ሄዷል። 34 ፍሬም አወጣ። አንድ ዳዶ ላልቶ ነበርና አጎቴ ራሳቸው በአሥር ቁጥር ቁልፍ አጠበቁት፤ ቁልፉ የጎረቤታቸው ልጅ የሞተር ሳይክል ነው። በርሜሉ ጎን ላይ አንድ የጨርቅ ከረጢት አስረንበታል፤ ውስጡ አምስት የኤም 6 ብሎን፣ አሥር ዳዶና አምስት ሰፊ ሮንዴላ አለ። አጎቴ ከአምስቱ ሁለቱን ለበራቸው ማጠፊያ እንደተጠቀሙባቸው በስልክ ነገሩኝ።